የጎደለው የማመልከቻው ገንዘብ ነው፦ ስለ ሜካኒካል ምህንድስና ድኅረ ምረቃ የቀረበ ምላሽ

ልጁን በሜካኒካል ምህንድስና ያስመረቀ በምዕራብ ጎጃም የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ወላጅ «ለምን ትምህርቱን አይቀጥልም?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «እሱማ የባለ ገንዘብ ነገር ነው።» ተመራቂው ራሱም ይህንኑ ይደግማል። በከፍተኛ ትምህርት ላይ የሚጽፉ ምሁራን ደግሞ ያንኑ ሐሳብ በሌላ አነጋገር ያቀርቡታል፤ የትምህርቱ ዋጋ ከገበሬ ቤተሰብ ገቢ ጋር ፈጽሞ ስለማይመጣጠን፣ የገጠር ልጅ ከመጀመሪያ ዲግሪ አልፎ የሚሄደው ወይ በልዩ ዕድል ወይ በልዩ ነጥብ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ የሚከራከረው ሰው አይታይም።

እኔ ግን እከራከረዋለሁ። የቤተሰቡን ድህነት አልክድም። የምቃወመው ድህነቱ መንገዱን የሚዘጋው የት ላይ እንደሆነ የተሰጠውን ምርመራ ነው። በሜካኒካል ምህንድስና ለምርምር ዲግሪ የሚያስፈልገውን የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍን አካል አለ። ማንም የማይሸፍነው ከመግቢያው በፊት ያሉትን ጥቂት ወራት ነው፤ የፈተናውን፣ የማመልከቻውን፣ የሰነዱን፣ የቪዛውን ወጪ። ምርመራው ስለተሳሳተ መድኃኒቱም ተሳስቷል። በሬ ተሽጦ፣ ለክፉ ቀን የተተከለ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የተሰበሰበው ገንዘብ ባልሆነ ቦታ ሲፈስ የምናየው ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ተቃራኒው ወገን እውነት ያለበትን ቦታ ልመን። በክፍል ትምህርት ብቻ የሚያልቅ፣ ምርምር የሌለበት ወይም ጥቂት ብቻ ያለበት ሁለተኛ ዲግሪ በእንግሊዝም በአሜሪካም በእርግጥ ውድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ገቢ የሚያገኙበት ነውና ለውጭ አገር ተማሪ ገንዘብ የሚሰጡበት ምክንያት የላቸውም። ጀርመን በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት በነፃ ነው የሚባለውም ልክ ነው፤ ሆኖም በራሱ ወጪ የሚሄድ ተማሪ ቪዛ ለማግኘት ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ አስቀምጦ ማሳየት አለበት። ይህን ከጃቢ ጠህናን ወረዳ የበቆሎ ማሳ አውጣ ማለት ስድብ ነው። ስለዚህ «የባለ ገንዘብ ነገር ነው» የሚለው አባባል ለእነዚህ መንገዶች ይሠራል። ስሕተቱ የሚጀምረው ሌላ መንገድ የለም ብሎ ሲያስብ ነው።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? እንደሚመስለኝ ከመጀመሪያ ዲግሪው ልምድ ነው። ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ተማሪ ኮስት ሼሪንግ የሚባለውን የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ነው የሚመረቀው። የዚህ አሠራር ንድፈ ሐሳብ በሰፊው የሚታወቀው በአሜሪካዊው ምሁር ብሩስ ጆንስቶን ጽሑፎች ሲሆን፣ የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ የሚሸከሙ አራት ወገኖችን ይዘረዝራል፤ ግብር ከፋዩ፣ ወላጁ፣ ተማሪውና በጎ አድራጊው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ይህ ዝርዝር በቂ ነው። ችግሩ ዝርዝሩ ሳይለወጥ ወደ ድኅረ ምረቃ መወሰዱ ነው። እንደዚያ ሲታሰብ መንግሥት ካልከፈለ፣ ወላጅ ካልቻለ፣ ተማሪው ከሌለው የሚቀረው በጎ አድራጊ ብቻ ይሆናል፤ በጎ አድራጊን መጠበቅ ደግሞ ዕድልን መጠበቅ ነው። «ስኮላርሺፕ ዕድል ነው» የምንለው ከዚህ ስሌት ተነሥተን ነው።

በምህንድስና ምርምር ውስጥ ግን አምስተኛ ከፋይ አለ፤ ሥራው እንዲሠራለት የሚፈልገው ሰው። አንድ ፕሮፌሰር ስለ ሙቀት ማስተላለፍ ወይም ስለ ብረት ድካም የምርምር ገንዘብ ሲያገኝ፣ ያ ገንዘብ በጀቱ ውስጥ የተመራማሪ ተማሪ ደመወዝ ይዞ ይመጣል። ሙከራውን የሚሠራ፣ መሣሪያውን የሚገጥም፣ ስሌቱን በኮምፒውተር የሚያስኬድ ሰው ካላገኘ ፕሮጀክቱ አይንቀሳቀስም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ራሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ቤተ ሙከራ የሚያሠራና ፈተና የሚያርም ረዳት ይፈልጋል። በሁለቱም መንገድ ተማሪው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይሠራል፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያው ይነሣለታል፣ የወር አበልም ይከፈለዋል። ይህ ምጽዋት አይደለም። የቅጥር ውል ነው፤ ማመልከቻውም እንደ ሥራ ማመልከቻ መታየት አለበት።

በተለይ ብዙ ተመራቂዎቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ ብዙ የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለውን ሰው በቀጥታ ለሦስተኛ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ በተለምዶ ገንዘብ የሚመደበውም ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። «መጀመሪያ ማስተርሴን ልያዝ» ብሎ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክተው ልጅ ሳያውቀው ከሚከፈልበት በር ወጥቶ ወደሚከፍልበት በር ይሄዳል። አበሉ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን፣ ገንዘብ ተመድቦለት ተቀባይነት ያገኘ ሰው የብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ስምምነት በሚያዘው መሠረት እስከ ሚያዝያ 7 ቀን ድረስ አመዛዝኖ የመወሰን መብት አለው። የአሜሪካ የምርምር በጀትና የቪዛ ፖሊሲ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በዚህ በር ብቻ መንጠልጠል አይገባም። ሌሎችም በሮች አሉና። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለተቀበላቸው ተማሪዎች ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ሁለተኛ ዲግሪ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። የጀርመኑ የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት (ዳድ) ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች ያዘጋጀው መርሐ ግብር ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራን፣ ከተመረቀም ስድስት ዓመት ያላለፈውን ሰው ይፈልጋል። አልጄሪያ ትለምሴን ከተማ የሚገኘው የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ የውሃና ኢነርጂ ተቋም የኢነርጂ ምህንድስናን በአፍሪካ ኅብረት ወጪ ያስተምራል። በአገር ውስጥም በዩኒቨርሲቲ ረዳትነት የተቀጠረ የማዕረግ ተመራቂ ደመወዙ ሳይቋረጥ ሁለተኛ ዲግሪውን እንዲማር ይላካል፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ቴርሞዳይናሚክስ የሚያስተምሩት ብዙዎቹ መምህራን የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቅጣው እጅጉን እናስታውስ። በ1940 ዓ.ም. በከፋ ቦንጋ ተወልዶ፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማረ። ከዚያ ሥራ ላይ ቆይቶ በጃፓን መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ጃፓን ሄደ፣ ምህንድስናም ተማረ፤ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በጠፈር ምህንድስና ስሙ የሚጠራ ሰው ሆነ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ እዚያ የደረሰው የትምህርት ክፍያ ከቤተሰቡ ኪስ ወጥቶለት አይደለም። ያ ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆችም ሜካኒካል ከሚያጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድልም በአዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል ዛሬም ይሰጣል።

ታዲያ መንገዱ ካለ የማይኬድበት ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው።

አንድ ተመራቂ አምስት ቦታ ቢያመለክት፣ ማመልከቻው በአማካይ 80 ዶላር ቢሆን፣ 400 ዶላር ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚጠይቅ ትምህርት ክፍል ከመረጠ 220 ዶላር ይጨመራል። የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ ርካሹ እንኳ፣ 70 ዶላር ገደማ ነው። በድምሩ 690 ዶላር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር ይህ 39 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሬው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። በ130 ብር ብናስበው ወጪው 90 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል። ገንዘቡ መገኘቱ ደግሞ ብቻውን አይበቃም፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ ውጭ ያለ ዘመድ መለመን ነው። ተሳክቶ ቢያልፍ ደግሞ የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ 185፣ የተማሪዎች ምዝገባ 350 ዶላር ይጠብቀዋል፤ የመጀመሪያው አበል የሚከፈለው ግን ከደረሰ በኋላ ነው።

ጊዜውን ደግሞ እዩት። የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች ማመልከቻ በአብዛኛው ከኅዳር 22 እስከ ጥር 7 ባለው ጊዜ ይዘጋል። ፈተናው ከዚያ በፊት፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ተወስዶ ማለቅ አለበት። በምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቤት ግን መስከረምና ጥቅምት እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው፤ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ በቆሎው አልተፈለፈለም። ምርት ገብቶ፣ ተሽጦ፣ ብር የሚያዘው ከጥር ወዲህ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ የማመልከቻው ድረ ገጽ ተዘግቷል። ይህ ቤተሰብ ገንዘብ የለውም ማለት አይደለም፤ ገንዘቡና ቀነ ገደቡ አይገናኙም ማለት ነው። ስለ ወጪ በተጻፉ የፖሊሲ ጽሑፎች ውስጥ የገበሬ የገቢ ወቅት ከማመልከቻ ወቅት ጋር ተነጻጽሮ አላየሁም፤ ለእኔ ግን ከትምህርት ክፍያው ይልቅ ብዙ የሚያስረዳው ይህ ነው።

ሰነዱም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕትም ሆነ ዋናው ዲግሪ አይለቀቅም። ይህን የሰማ ተመራቂ «ዕዳዬን ሳልጨርስ ማመልከት አልችልም» ብሎ ይቀመጣል። ይሁንና ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በማመልከቻው ጊዜ የሚጠይቁት መደበኛ ያልሆነውን ቅጂ፣ እኛ ስቱደንት ኮፒ የምንለውን፣ ብቻ ነው፤ ኦፊሴላዊው የሚፈለገው ተቀባይነት ከተገኘ በኋላ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም አንዳንድ ተቋማት «የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር» በሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ይተዉታል። ጂአርኢን ከኮሮና ወዲህ ያስቀሩ ትምህርት ክፍሎች ብዙ ናቸው። ኢራስመስ ሙንዱስና ዳድ የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም። ክፍያ የሚጠይቁትም ቢሆኑ በትሕትና የጻፈላቸውን ሰው አንዳንዴ ያነሡለታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ያንን 690 ዶላር ከ200 በታች ሊያወርደው ይችላል። የማያውቀው ደግሞ ወይ ይቀራል፣ ወይ ደላላ ዘንድ ይሄዳል፤ ደላላው የሚያመላክተው ኮሚሽን ወደሚያገኝበት፣ ማለትም ተማሪው ወደሚከፍልበት ትምህርት ቤት ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እዚህ ላይ መዘንጋት የለበትም። በዚያ ዓመት ከቡሬ ማመልከት ያልቻለን ልጅ ነጥቡ አልበቃም ማለት አይቻልም። ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሚያስኬደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም የሚከፈትና የሚዘጋ ሆኖ ከርሟል።

አሁን ወደ ነጥቡ ልምጣ፤ የተለመደው አስተሳሰብ ሁለተኛው ክንፍ እሱ ነውና። «ሲጂፒኤው 3.8 ካልሆነ አይታይም» ይባላል። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጽሑፍ የሚጠይቁት ዝቅተኛ ነጥብ 3.0 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውድድር በነጥብ ብቻ አይወሰንም፤ ፕሮፌሰሩ ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ቤተ ሙከራዬ ውስጥ ምን ሊሠራልኝ ይችላል የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የገጠር ልጅ ባዶ እጁን አይደለም።

ጤፍን እንውሰድ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢሰበሰብ ግማሽ ግራም አይሞላም። አውድማ ላይ በበሬ ተበራይቶ፣ በላይዳ ወደ ነፋስ እየተበተነ ከእብቁ ሲለይ፣ ነፋሱ ከበረታ ፍሬው ከእብቁ ጋር ይሄዳል፤ ከደከመ እብቁ ከፍሬው ጋር ይወድቃል። ገበሬው ነፋሱን በጉንጩ ለክቶ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ይህ በፈሳሽና አየር ሜካኒክስ ትምህርት ውስጥ ቅንጣት በአየር ውስጥ ሲወድቅ የሚደርስበት የመጨረሻ ፍጥነት የሚባለው ነገር ነው፤ የፍሬውና የእብቁ ፍጥነት በጣም ሲቀራረብ መለየቱ ከባድ ይሆናል። ለስንዴ የተሠራ ማሽን ጤፍን የሚያባክነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምጣድ ጉዳይም አለ፤ እንጀራ ለመጋገር 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስ፣ በመላው ገጽ የተስተካከለ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ያንን ከፀሐይ ወይም ከባዮጋዝ ማግኘት ዛሬም በየዩኒቨርሲቲያችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራበት የሙቀት ምህንድስና ጥያቄ ነው። ቡሬ ውስጥ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም እንዳለው የተነገረለት የፊቤላ ፋብሪካ አለ፤ የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። ቦይለር፣ ፓምፕ፣ መጭመቂያ ባለበት ሁሉ የሚመረመር ብልሽት አለ።

ብዙ ተመራቂ ለፕሮፌሰር የሚልከው ኢሜይል ግን እንዲህ ይላል፦ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ከኢትዮጵያ ነኝ፤ የምርምር ሥራዎን እጅግ አደንቃለሁ፤ እባክዎ ስኮላርሺፕ ይስጡኝ።» እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ፕሮፌሰሩ በቀን ብዙ ጊዜ ያያል፤ መልስ አይሰጥም። ያው ልጅ እንዲህ ቢጽፍስ፦ «ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የጤፍ ፍሬን ከእብቅ የሚለይ ማራገቢያ ሠርቼ ነበር። የአየሩ ፍጥነት ከአንድ ልክ ሲያልፍ የሚባክነው ፍሬ በድንገት ይጨምራል፤ ምክንያቱን በስሌት ማሳየት አልቻልሁም። እርስዎ በጥቃቅን ቅንጣቶች ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ የተጠቀሙበት ዘዴ ለዚህ የሚሆን ይመስለኛል። በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?» ይህ ደብዳቤ መልስ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም፤ ተነቦ የመታሰብ ዕድሉ ግን ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ችሮታ ይለምናል፤ ሁለተኛው ሥራ ያቀርባል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የብር ልዩነት አይደለም።

«ከሄደ አይመለስም፤ ታዲያ ማኅበረሰቡ ለምን ያወጣል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ብዙዎች አልተመለሱምና። ሆኖም እዚህ የምሟገትለት ወጪ ስጦታ አይደለም፤ ከመጀመሪያው አበል ተመላሽ የሚሆን ብድር ነው። ተመላሽ የሆነው ብር የሚቀጥለውን ልጅ ያስፈትናል። በተለመደው አሠራር በሬ ሸጦ ልጁን የላከ አባት ግን ልጁ ተመለሰም አልተመለሰ በሬውን አላገኘውም።

ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በውጭ አገር ያሉ የምዕራብ ጎጃም ተወላጆችን የምጠይቀው የአንድን ልጅ የትምህርት ክፍያ እንዲሸከሙ አይደለም። ዕቁብ መጣል እናውቅበታለን፤ በዚያው ሥርዓት የማመልከቻ ገንዘብ ይሰብሰብ፤ የፈተናን፣ የማመልከቻን፣ የቪዛን ወጪ ያበድር፤ ውጭ ያሉት በካርዳቸው ይክፈሉ፤ ብድሩ ከተማሪው አበል በየወሩ ይመለስ። የየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ደግሞ ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ተመራቂ ስቱደንት ኮፒና የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ በጠየቀበት ቀን እንዲያገኝ ያድርግ። የሜካኒካል መምህራን ቢያንስ አንድ ተማሪ የጻፈውን ኢሜይል ከመላኩ በፊት ያርሙለት። ገንዘቡ በነሐሴ ከተዘጋጀ ለመስከረሙ ፈተና ይደርሳል፤ ጥር ላይ ቢመጣ ግን ለዚያ ዓመት አይጠቅምም።